ለየኔታ የነደፍኩት ቤት

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ባሕር ዳር ላይ ሊሠራ ስላሰበው ቤት ሊያማክረኝ መጣ። ስልኩን ከፍቶ የሚፈልገውን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበልኝ፤ ሰፊ በረንዳ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስተዋት፣ ሌላም ሌላም። "ከነዚህ ውስጥ የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው?" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ስነድፍ የኖርኩ ሰው ነኝና መልሱ አፌ ላይ መሆን ነበረበት። ሐሳቤ ግን በንጉሡ ዘመን፣ ማንኩሳ አጠገብ፣ መጀመሪያ ወደ ነደፍኩት ቤት ሄዶ ነበር።

ያኔ አዲስ አበባ የሕንፃ ትምህርት ጀምሬ አንደኛ ዓመቴን የጨረስኩ ተማሪ ነበርኩ። ክረምቱን ከቤተሰብ ጋር ላሳልፍ ስመጣ ማስመሪያዬን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ከዓባይ በረሃ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። ጅጋ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሴቶች በመስኮት ቆሎ ሲያቀብሉን እንኳ እጄን ከሱ አላነሣሁም። ጠንቃቃ ነበርኩ። ሰው ደስ እንዲለው እወድ ስለነበር ከእሺ ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም የቅኔ መምህር ነበሩ። አገር ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኛ ቤተሰቦቻቸውም እንደዚያው። በዚያ ዓመት ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፋ። የሚኖሩባት ጎጆ ቁልቁለት ላይ ነበረችና ሁለት ጊዜ ወደቁ። አባቴ "እኛ ቤት ይግቡ" ቢሏቸው እምቢ አሉ። "ወንድሙ ቤት የገባ መምህር እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ጉባኤ አይዘረጋም። ተማሪዎቼ ይበተኑብኛል" አሉ። ስለዚህ ብቻቸውን ሊኖሩበትና ሊያስተምሩበት የሚችሉት ቤት ሊሠራላቸው ተወሰነ። ቤቱ ካልሆነላቸው ጉባኤው መበተኑ ነው፤ ለየኔታ ደግሞ ያለ ጉባኤ መኖር ከመኖር አይቆጠርም ነበር።

አባቴ በሰንበቴው ማኅበር ፊት ቆመው "የወንድሜን ቤት ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ" ብለው ቃል ገቡ። ያኔ ከመንገድ ዳር ከተሞች ወጣ ሲሉ የቆርቆሮ ቤት ብርቅ ነው። ከሩቅ ሲያበራ ያየ ሁሉ "የማነው?" ብሎ ይጠይቃል። ንድፉ ለእኔ ተሰጠ። እኔም መጽሐፌ ብርሃን ጤና ነው ስለሚል፣ በየግድግዳው አንድ አንድ፣ አራት ሰፋፊ መስኮት አደረግሁበት።

ወረቀቱን ለተማሪዎቹ ሳሳይ ዲያቆን ልሳኑ የሚባለው፣ ከሁሉም አንጋፋና ምላሰኛ የሆነው ተማሪ፣ ጎንበስ ብሎ አየው።

"አንተ የአዲሳባው፣ ይኼ ሁሉ መስኮት ለምንድን ነው?"

"ለብርሃን።"

"ለየኔታ?" አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "እንግዲህ መንጋቱን አይተው ሊቀሰቅሱን ነው!"

ጉባኤው በሳቅ አለቀ። የኔታም ከመደባቸው ላይ ሆነው ፈገግ አሉ። "ተወው አንተ፤ ልጄ ያለውን ነው የሰጠኝ" አሉ። ከልሳኑ ፌዝ ይልቅ ያቺ ደግነት አሳፈረችኝ። ስለ ክዳኑ ግን ማንም ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ቆርቆሮውን ልናዝ ከአባቴ ጋር በጭነት መኪና ቡሬ ሄድን። በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ መንገዱን ግራና ቀኝ ዘግቶታል። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ገበያው ዳር የተጠበሰ እሸት ገዝቼ ሳልቀምሰው ሱቁ ደረስን።

ሱቁም ቆርቆሮ የለበሰ ነበር። ባለሱቁ ስንት ቅጠል ቆርቆሮ እንደሚያስፈልገን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ዝናቡ ወረደ። የቡሬን የነሐሴ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሪያው ላይ ድንጋይ የሚደፋ እንጂ ውኃ የሚወርድ አይመስልም። የባለሱቁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚለውን ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም። አባቴ በእጃቸው ሊያስረዱት ሞከሩና ተዉት። ሊጠለል የገባው ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

የኔታ ትዝ አሉኝ። ተማሪ ተራውን ጠብቆ፣ ራሱ አስቦ የቆጠረውን ቅኔ ሲነግራቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። መጥበቅ የሚገባው ፊደል ከላላ እጃቸው ብድግ ይላል። ከእንግዲህ ሥራቸው በሙሉ በጆሯቸው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ የሚመሽበት ቀን ጥቂት ነው። ዓይናቸውን በሽታ ወሰደው፤ ጆሯቸውን እኔ በእርሳሴ ልደፍነው ነው።

"አባባ፣ ቆርቆሮው ይቅር" አልኩ። አልሰሙኝም። ጠጋ ብዬ ደገምኩት። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "ምን?" ሲሉ ከአፋቸው ቅርጽ አወቅሁ። በሦስተኛው ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ፤ "ቆርቆሮው ይቅር! የኔታ ማስተማር አይችሉም!"

ዝናቡም ተንኮል እንደያዘ ሁሉ ልክ ያኔ ጋብ አለ። የመጨረሻው ቃሌ ጸጥ ባለው ሱቅ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ከዚያ በፊት አባቴ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

"በሰው ፊት ትጮህብኛለህ?" አሉ።

"እንዲሰሙኝ ነው፣ አባባ። ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። እርስዎ አፌን እያዩ እንኳ አልሰሙኝም፤ የኔታ የማንን አፍ ያያሉ?"

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። "ቃሌስ? በሰንበቴው ፊት የተናገርኩትን ላጥፍ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ እሺ እል ነበር። ያን ቀን ግን "የኔታን እንጠይቃቸው። ቆርቆሮ ይሁን ካሉ እኔው በትከሻዬ አመጣዋለሁ" አልኩ።

ባለሱቁ "ልጅዎ ገበያዬን ዘጋው!" ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ሳናዝ ተመለስን። በመንገድ ላይ እሸቱን ባቀብላቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔም አልበላሁትም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ራሳቸው ጉባኤው መካከል ገብተው ጠየቁ።

"የኔታ፣ ቆርቆሮ ይከብድዎታል?"

"ለሰጪ ምርጫ አያወጡለትም፣ ወንድሜ።"

"እሱን አይደለም የጠየቅሁዎት።"

የኔታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። "እንግዲህ ካልክ፣ ክረምት ክረምቱን ጉባኤውን ልበትነው አስቤ ነበር። ለልሳኑ ነግሬዋለሁ።"

ዞር ብዬ ልሳኑን አየሁት። ያ ምላሰኛ መሬት መሬት ያያል። በመስኮቴ የሳቀ ሰው ስለ ክዳኑ ዝም ያለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የኔታ ለወንድማቸው ክብር ሲሉ አፉን አስይዘውታል።

አባቴ መደቡ ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ጉባኤ ለሚፈታ ቤት ነው እንዴ ቡሬ ድረስ የሄድኩት?"

"ቃልህ አይወድቅም" አሉ የኔታ። "መሥዋዕቱ የሚሰናዳበት የቤተ ልሔሙ ክዳን ያፈሳል። ቆርቆሮህን እዚያ አልብሰው፤ ለእኔ ሰንበሌጥ ይበቃኛል።"

"ሣሩ ሲያረጅ ማን ያድስልዎታል?"

"እኛስ ምን ልንሠራ ነው?" አለ ልሳኑ፣ ምላሱ ተመልሶለት። "ቅኔ ያቃተው ሁሉ ሣር አጨዳ ይውጣ ቢባል በአንድ ቀን ይከደናል!"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ጯሂ፣ ያስተውከንን ቤት በል እንደገና ንደፈው።"

በዚህኛው ጊዜ እርሳሴን አላወጣሁም። የኔታ አጠገብ ተቀምጬ ቀናቸው እንዴት እንደሚውል አስነገርኳቸው። ከመኝታቸው እስከ በሩ በእጃቸው እየዳሰሱ የሚደርሱበት ረጅም መደብ ይኑር ተባለ። የበሩ መድረክ ከመሬት እኩል ይሁን፤ ተማሪው በዝናብ የሚጠለልበት ታዛ ሰፋ ይበል። አራቱም መስኮት ይቅር ስል ደግሞ እጃቸውን አነሡ። "በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው ይኑር፤ ደወሉን እሰማበታለሁ።"

ቤቱ ከመስቀል በኋላ በደቦ ቆመ፤ እኔ ትምህርት ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። በቀጣዩ ክረምት ስመጣ ዶፍ ዝናብ ታዛው ሥር ያዘኝ። ሣሩ ውኃውን ያለ ድምፅ ይውጠዋል። ከውስጥ አንድ ለጋ ድምፅ ቅኔውን ሲነግር፣ የኔታም "መልሰህ በላት" ሲሉ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ዝናቡ ካባራም በኋላ ቆሜ ቀረሁ። እስኪያርፉ ድረስ በዚያ ቤት ክረምት ከበጋ ጉባኤ አልታጎለም።

ለልጄ ልጅ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ "ዝርዝሩን አቆየውና ቤቱ ውስጥ ማን ምን እየሠራ እንደሚውል ንገረኝ።" ትንሽ ቅር ብሎት ሄደ፤ ይመለሳል። እኔ ከየኔታ ቤት ወዲህ ሥራ በጀመርኩ ቁጥር መጀመሪያ ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ እቆያለሁ። አብረውኝ የሠሩ ወጣት መሐንዲሶች ጸሎት እያደረግሁ ይመስላቸው ስለነበር ባርኔጣቸውን አውልቀው በአክብሮት ይጠብቁኝ ነበር። አንድም ቀን አላረምኳቸውም።