የላሟ ዝንብ

በቅጽል ስሙ ምላጭ የሚባለው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ለኅትመት በመጣ ሥዕል ውስጥ በላሟ አፍንጫ ላይ ያለችውን ነጥብ ፍቆ ሲጨርስ አለቃው ከኋላው ጮኸበት።

«አንተ! ዝንቧስ?»

«የምን ዝንብ? ጉድፍ መስላኝ እኮ ነው።»

«ሰውየው ደረጃውን እየወጣ ነው! እሱ ካኮረፈ ዛሬውኑ ትባረራለህ።»

ሰውየው ስመ ጥር የሮክ ዘፋኝ ነው፤ ባለስድስት እግር ላሞችና ትርጉም የለሽ ተረቶች ሞነጫጭሮ በመጽሐፍ እንዲያትሙለት ሰጥቷቸዋል። ምላጭ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከሥዕል ላይ ጉድፍ ሲፍቅ የኖረ፣ እጁ አርፎ የማያውቅ ሰው ነው። ብዕር አነሣና በጥድፊያ እዚያው ቦታ ላይ ዝንብ ሣለ። አንድ ክንፏ ተንጋደደ።

ዘፋኙ ገብቶ ሥዕሉ ላይ አፈጠጠ።

«ይቺን ዝንብ ሰክሬ ነው መሰለኝ የሣልኳት» ብሎ ሳቀ። «ሽፋኑ ላይ አውጧት።»

መጽሐፉ የምላጭን ዝንብ በሽፋኑ ይዞ ሁለት ጊዜ ታተመ።