የተረጂው ሙሉ ስም

እስር ክፍሏ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት በሩ ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ነው። ባለቤቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ የራሴን የት እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ በእጄ ይዤ ቆምኩ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«በምን ገቡ፣ ጋሼ?»

«በሪፖርት።»

«ታድለው። እኔ እኮ በወሬ ነው የገባሁት።»

ሪፖርት ያልኩት እውነቴን ነው። አቃቂ ውስጥ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ያቋቋሙት የወንድማማቾች መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ደንባችን አንድ ነገር ላይ ድርቅ ያለ ነው፤ የተረዳ ሰው ስሙ አይጻፍም፣ ለአባላትም አይነገርም። ዱቄቱንና ደብተሩን የሚያደርሰው ጸሐፊው ብቻ ያውቀዋል። ሰው ተቸገረ ተብሎ ጎረቤት ፊት አንገቱን እንዳይደፋ ነው። በየዓመቱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ስናስገባ ይህን ያህል ቤተሰብ ረዳን እንላለን፣ ያልፋል። በዚያ ዓመት ግን ቅጹ ላይ «የተረጂው ሙሉ ስም» የሚል አዲስ ዓምድ መጣ። እኔ ሞኙ በየመስመሩ «ወንድማችን»፣ «እህታችን» እያልኩ ሞላሁትና ማኅተም መትቼ አስገባሁ። ያልፋል ብዬ ነበር።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ትሑትም ነበር።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ እህቶች የአንዷ ባል በፖለቲካ ታስሮ ነው ይባላል። ማን ናት?»

አውቃታለሁ። አቃቂ በሰቃ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፤ ፋብሪካ ውስጥ በኮንትራት ትሠራ ነበር። ስሟ ከአፌ ከወጣ ሥራዋን እንደምታጣ፣ ምናልባትም እሷም እንደምትታሰር ገባኝ።

«አልናገርም» አልኩት።

«እንግዲህ እስኪናገሩ ይቆያሉ።»

ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ስንቅ ሲገባ ስም ይጠራል፤ የእኔ ግን አይጠራም። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ የለኝም፤ የምጠብቀው ማኅበርተኞቼን ነበር። ለስንቱ ሕመም፣ ለስንቱ ለቅሶ ሮጫለሁ፤ አንዳቸውም ብቅ አላሉም። ሾፌሩ ከእንጀራው ያካፍለኛል፤ የሰው ስንቅ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ምን እደብቃለሁ፣ አንድ ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አልቅሻለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መርማሪው ክፍል ተጠርቼ ስገባ ሊቀመንበራችን ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው። ሳያቸው ደስ ብሎኝ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«ልጄ፣ ስሟን ስጣቸው» አሉኝ። «ፈቃዳችን ሊሰረዝ ነው። ስንት ቤት የእኛን እጅ ያያል። በአንዲት ሴት የተነሳ ሁሉም ይራብ?»

«ደንቡን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ደንብ ማኅበር ሲኖር ነው።»

የተናገሩት ሐሰት አልነበረም፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው። መርማሪው ያልተሞላ ቅጽ ገፋ አደረገልኝ። እስክሪብቶውን ስቀበል ሊቀመንበሩ «ተመስገን» አሉ። «የተረጂው ሙሉ ስም» ከሚለው ሥር የራሴን ስም ከነአያቴ ጻፍኩ። ሚስቴ አልጋ ይዛ በነበረ ጊዜ ማኅበሩ መድኃኒቷን ይገዛልኝ ነበርና ውሸት አልጻፍኩም። በቀሩት መስመሮች ላይ ሰረዝ ሳብኩና ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አይተው ተነሥተው ወጡ።

ከወር በኋላ ስፈታ ማኅበሩ ተዘግቷል። ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን እኖራለሁ። የድሮዎቹ ማኅበርተኞች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። መጀመሪያ ላይ በጣም ይከፋኝ ነበር፤ አሁንም ይከፋኛል።

ባለፈው ሰሞን የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ያቺ ሴት ከኋላዬ ቆማ አገኘኋት። ሰላምታዬን በግድ ነው የመለሰችልኝ።

«ማኅበሩ የተዘጋው በእርስዎ ነው አሉ፣ ጋሼ። ትልቁ ልጄ ትምህርት አቋርጦ ቀን ሥራ ገባ። ምን ነበር የጠየቁዎትን ቢነግሯቸው?»

የጠየቁኝ የእሷን ስም እንደነበር ብነግራት ለልጇ ዕጣ ራሷን ልትወቅስ ነው።

«እልኸኛ ነኝ፣ እህቴ» አልኳት።

ፊቷን አዞረች። አውቶቡሱ ሲመጣ ተራዬን ለቀቅኩላት።