ደረጃውን ያጠበው ጠባቂ

የባለ አራት ፎቁን ሕንጻ ጠባቂ እውነተኛ ስም ከልጁ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ለነዋሪው ሁሉ «ጋሽ ቀስበሉ» ነው። ደረጃ ባጠበ ቁጥር መጥረጊያውን ተደግፎ ከታች ይቆምና ለወጪ ወራጁ «ቀስ በሉ፣ ያዳልጣል፣ ቀስ በሉ» ሲል ስለሚያረፍድ ነው ስሙ የወጣለት። እሱም አልከፋውም። «ነገረኛ ከመባል ቀስበሉ መባል ይሻላል» እያለ ይስቃል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከደረጃው ሥር ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ልብስ ሰፊዋ ልጁ አልፎ አልፎ ብቅ እያለች የተተረተረውን ትሰፋለታለች፣ ስለ አበላሉ ትቆጣዋለች፣ ትሄዳለች።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ነጋዴ የዕቃ ካርቶኑን መተላለፊያው ላይ መከመር ልማዱ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ከእናቱ ጋር የሚኖረው ኤሌክትሪሺያን በዚሁ ካርቶን የተነሳ ከነጋዴው ጋር ዓይንና ናጫ ሆኗል። ያን ቀን ጭቅጭቃቸው እስከ ታች ይሰማ ነበር። ቀስበሉ ሊገላግል ከክፍሉ ሲወጣ አንድ ከባድ ነገር እየተንከባለለ ሲወርድ ሰማ። ኤሌክትሪሺያኑ ከደረጃው ግርጌ ተዘርሯል፤ ከራሱ ደም ይፈሳል። ነጋዴው ከላይ የደረጃውን ብረት እንደጨበጠ፣ «አልነካሁትም! አዳልጦት ነው! እኔ አልነካሁትም!» ይላል።

አምቡላንስ መጥቶ ጎልማሳውን ወሰደው። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ጡረተኛ መምህርት ለፖሊስ ደወለችና ወደ ቀስበሉ ዞራ፣ «ጋሼ፣ አደራ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ይህን ቦታ ማንም እንዳይነካ» አለችው። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ቀስበሉ ቆሞ ሲጠብቅ በግቢው በር በኩል የኤሌክትሪሺያኑ እናት ብቅ አሉ። ከገበያ መመለሳቸው ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ሳይሉ አይገቡም፤ ያን ቀንም ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። ምንም አልሰሙም። ቀስበሉ ደሙን አየ፤ አሮጊቷን አየ። ወደ ቤታቸው የሚያስወጣ ሌላ ደረጃ የለም። ባልዲውን አነሳ።

አሮጊቷ አርፈው ሲነሱ ደረጃው ታጥቦ ነበር። ቀስበሉ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ መንገዳቸው ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ ልጅዎን አዳልጦት ወድቆ ሐኪም ቤት ወስደውታል። ዘንቢሉን ለኔ ይስጡኝ፣ አብረን እንሂድ» አላቸው። ታክሲ ይዞላቸው ሄደ። ፖሊስ ሲደርስ ያገኘው እርጥብ ደረጃና ባዶ የጠባቂ ክፍል ነው።

መርማሪው መጀመሪያ የጠራው ለምስክርነት ነበር።

«ደረጃውን ያጠበው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዳይነካ ተብሎ አልተነገረህም?»

«ተነግሮኛል።»

«ታዲያ?»

«አጠብኩት።»

ለምን ሲባል ዝም አለ። ምክንያቱን ቢናገር ቃሉ ዞሮ ዞሮ አሮጊቷ ጆሮ እንደሚደርስ ገባው። ልጃቸው ገና ራሱን አያውቅም፤ እሳቸውም የሐኪም ቤቱን ኮሪደር ቤታቸው አድርገውታል። እንዲህ ምስክር ሆኖ የገባው ሰውዬ ተከሳሽ ሆኖ ወጣ። ክሱ ማስረጃ በማጥፋት የፍትሕን ሥራ ማሰናከል ይላል። ወሬውም እግር አወጣ። ነጋዴው አምና ያረጀ ሶፋ ሰጥቶት ነበርና፣ «በሶፋ ተገዛ» ተባለ። «አዳልጦት ነው» ማለቱም የነጋዴውን ቃል እንደ በቀቀን መድገሙ ነው ተባለ። ቀስበሉ ሶፋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ አስቀመጠው፤ ዝናብ መታው።

መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ወጣት ሴት ናት። ሦስት ጠበቆች በሚጋሩት ጠባብ ቢሮ፣ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች ተቀበለችው። ልጁም አብራው ነበረች።

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ትንሽ ይደክማል አሉ» አለች ጠበቃዋ።

«ቀኙ ነው የማይሰማው፣ ልጄ። መምህርቷ የቆመችው በግራዬ ነበር።»

ልጁ ግንባሯን መታች። «አባዬ፣ በፈጠረህ! ጠበቃህ በር ስትከፍትልህ መልሰህ ትዘጋዋለህ?»

«አልሰማሁም ብል መምህርቷን ውሸታም ማድረግ ነው። ምን አደረገችኝ?»

ጠበቃዋ ሳቋን በመሐረቧ ሸፈነች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። «እሺ፣ ሰምተዋል። እያወቁ አጥበዋል። አሁን ለዳኛ ሳይሆን ለኔ ይንገሩኝ፤ ለምን?»

ቀስበሉ የኮፍያውን ጠርዝ ሲያሻሽ ቆይቶ ነገራት። አግዳሚዋን ወንበር፣ ዘንቢሉን፣ የአሮጊቷን ጉልበት። ልጁ አባቷን እንደ አዲስ አየችው፤ ይህን ለእሷም አልነገራትም ነበር።

«ሕጉ የሚጠይቀው ምን ሠሩ ብቻ አይደለም፤ ምን አስበው ሠሩ ነው» አለች ጠበቃዋ። «ምርመራውን ለማበላሸት ካላሰቡ ወንጀሉ ይጎድላል። ግን የርስዎ ቃል ብቻ አይበቃም። እናትየዋ ይመስክሩ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«እንዳያዩት ብዬ ያጠብኩትን በሰው ፊት ቁጭ አድርጌ ላስነግራቸው? ከታሰርኩም ልታሰር።»

ብትለምነው፣ ልጁ ብታለቅስበት፣ ወይ ፍንክች። ጠበቃዋ እጇን ዘርግታ ቀረች።

የመከላከያ ምስክር የሚሰማበት ቀን ደረሰ። የችሎቱ አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ የሚንቋቋ ነበር። ጠበቃዋ ያላት ምስክር መምህርቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስለ ጠባዩ ደግነት ልትመሰክር ነው። መምህርቷ ግን ብቻዋን አልመጣችም። የኤሌክትሪሺያኑን እናት ደግፋ ገባች። ቀስበሉ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሲያያቸው አንገቱን ደፋ።

ደረጃው ለምን እንደታጠበ የነገረቻቸው መምህርቷ ነበረች። እሷም ማንም ሳይነግራት፣ ያን ዕለት በመስኮቷ አሮጊቷን አግዳሚው ላይ ማየቷን አስታውሳ፣ ነገሩን አገጣጥማ ደርሳበታለች።

አሮጊቷ ቃለ መሐላ ፈጽመው ያዩትን ተናገሩ። «ሱሪው ርሶ መንገድ ላይ ቆመብኝ። እጄን ይዞ ታክሲ ውስጥ አስገባኝ። ሐኪም ቤትም ያን ሌሊት ሙሉ ከጎኔ አልተነሳም።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። «እናቴ፣ ተከሳሹ ነጋዴውን ለመጥቀም ብሎ እንዳላደረገው በምን ያውቃሉ?»

«ነጋዴውን ለመጥቀም ቢሆን ኖሮ አጥቦ ይቀመጥ ነበር፤ እኔን ይዞ ሐኪም ቤት ለምን ይሄዳል?» አሉ። ከዚያ ሳይጠየቁ ወደ ቀስበሉ ዞሩ። «አንተን ግን ተቀይሜሃለሁ። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ይሉሃል ይሄ ነው። የልጄን ደም እንዳላይ ዓይኔን ማን ሸፍን አለህ? ወልጄዋለሁ፤ ባየው አልሞትም ነበር። ዛሬ ልጄ ማን ጣለኝ ሲለኝ የምመልስለት የለኝም።»

ዳኛዋ ቀስበሉን የሚለው እንዳለ ጠየቁት።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «ለሳቸው ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ሲያዩት ማየት ያልቻልኩት ግን እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ፍርዱ ሲነበብ ዳኛዋ ድርጊቱ ከባድ ስህተት መሆኑን፣ ምርመራውንም መጉዳቱን አልሸፋፈኑም። ነገር ግን ምርመራውን ለማሰናከል ማሰቡ አልተረጋገጠምና በነጻ ይሰናበት አሉ። ልጁ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጠበቃዋ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ቀጣዩን መዝገብ ይዛ ወደሌላ ችሎት ሮጠች።

በጥርጣሬ ተይዞ የነበረው ነጋዴም ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተለቀቀ። ብዙ ሳይቆይ ካርቶኑን ጭኖ ከሕንጻው ለቀቀ። ገፍቶት ይሁን አዳልጦት፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በእግሩ ቆሞ መራመድ ቢችልም፣ የዚያን ቀን ጠዋት ከአእምሮው ተፍቆ ቀርቷል። ቀስበሉ ደረጃውን ባጠበ ቁጥር ግርጌው ላይ ሲደርስ መጥረጊያውን ያቆማል። ምናልባት የጫማ አሻራ ነበረ፤ ምናልባት ምንም አልነበረም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።

እናትና ልጅም ምድር ቤት ተከራይተው ለመሄድ ወሰኑ፤ ደረጃ መውጣት ለሁለቱም አልሆነም። ዕቃ በሚጫንበት ቀን ቀስበሉ ማንም ሳይጠራው ወጥቶ የአልጋውን አንድ ወገን ያዘ። ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቆየና፣

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ገፍቶኝ ነው?» አለ።

«አላየሁም፣ ልጄ። ሊታይ የሚችል ነገር ከነበረም እኔ አጠብኩት። ይቅር በለኝ።»

ጎልማሳው ወደ አልጋው ዞረ። «በሩ ጋ ሲደርሱ አልጋውን ያዘንብሉት፤ አለዚያ አይወጣም» አለ።

አዘንብለው አወጡት። አሮጊቷ መኪናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። ቀስበሉ ዘንቢላቸውን በመስኮት ሲያቀብላቸው ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ «ቤታችን ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እናትና ልጅ አዲሱ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ቀስበሉ ብዙ ቀን ሲያመነታ ከርሞ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሄዶ አረንጓዴውን በር አንኳኳ። ኤሌክትሪሺያኑ በሩን ይዞ ከፈተለት።

«ማነው?» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ።

«ጋሽ ቀስበሉ ናቸው።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ምን ያስቆመዋል ታዲያ? ይግባ እንጂ» አሉ።