በእርቁ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቃል

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተቀራራቢ ፍቺ ያላቸውን ቃላት በአንድ መስመር እየደረደርን በመካከላቸው የእኩል ምልክት እናደርግ ነበር። ወሰደ፣ ነጠቀ፣ ሰረቀ የሚሉትን አንድ ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ወደ ቤት ስመለስ አባቴና ታናሽ ወንድማቸው ተኳርፈው ጠበቁኝ። ቤታችን ከገነተ ማርያም በታች ነው፤ ያገሩ ገበሬ ሁሉ ከአንድ ምንጭ በተራ ያጠጣል። አጎቴ በአባቴ ተራ ቀን ቦዩን ወደ ራሳቸው ሽንኩርት መልሰውታል። ሁለቱ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ አጎቴ ናቸውና ነገሩ ከበደኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የውሃ አባቱ፣ ማለትም የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ ሁለቱን ከወይራው ሥር አስቀመጧቸው። እሳቸው ዘንድ እርቅ በወረቀት ሰፍሮ ሁለቱም ካልፈረሙበት እንዳለቀ አይቆጠርም።

«አማርኛ የተማርሽ አንቺ ነሽ፤ ጻፊ» አሉኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ መጻፉ ተስማማኝ።

«ውሃዬን ሰረቀ ብለሽ ጻፊ» አሉ አባቴ።

«እሱን ከጻፈች አልፈርምም» አሉ አጎቴ። «ሌባ ነኝ ብዬ ልፈርም?»

«ነጠቀ ቢባልስ?» አሉ የውሃ አባቱ።

«ጭልፊት ነኝ እንዴ?»

«እሺ፣ ወሰደ እንበል።»

አባቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የደስታ አልነበረም። «ወሰደ? መጥረቢያ ተውሶ የሄደ አስመሰላችሁትኮ።»

እስክሪብቶዬ ባለበት ቀረ። አጎቴ ለመሄድ ዱላቸውን አነሡ። አሁን ከሄዱ በሌላ እሑድ የሚመለሱ አልመሰለኝም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

ዱላቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ሽንኩርቱ ሊደርቅብኝ ነበር። ብጠይቀው አይከለክለኝም፤ መጠየቁ ነው የከበደኝ። እንግዲህ በይ፣ ሰረቀ ብለሽ ጻፊ።»

መጻፍ ስጀምር አባቴ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ተይው። ወሰደ ይበቃል።»

«ራሴ አልኩ አይደል? ትጻፈው።»

«ወንድሜን ሌባ የሚል ወረቀት አልፈርምም።»

የውሃ አባቱ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «እነዚህ ደግሞ በመታረቅ ሊጣሉ ነው» አሉ።

በመጨረሻ «ሳይጠይቅ ወሰደ» ብዬ ጽፌ አነበብኩላቸው። አጎቴ ደግመው አስነበቡኝ፤ «ሳይጠይቅ» የሚለው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁና ፈረሙ። አባቴም ተከትለው ፈረሙ። ወረቀቱን የውሃ አባቱ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። ጸባቸውን ማንም አላነሣም፤ የሚያወሩት ቦዩ በደለል ስለ መሞላቱ ነው።

«ነገ ማለዳ እጠርገዋለሁ» አሉ አጎቴ።

«ለብቻህ መቼ ልትጨርሰው ነው? እኔም እመጣለሁ» አሉ አባቴ።

ወሬያቸውን እንዳላቋርጥ እርምጃዬን አዘገየሁ።