የጤነኛዋ ደም

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ጤነኛ ማለት እሷ ነበረች። የታመሙ ልጆች ደም ሲመጣ የሚነጻጸረው ከሷ ደም ጋር ነው። ፕሮፌሰሩ ገና በር ላይ ሆነው «ጤነኛዋ የታለች?» ይላሉ፣ እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ትዘረጋለች። ስሟ ጥናቱ ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ይህችን ማዕረግ ግን ለማንም አትሰጥም።

ከዚያ አንዲት ዶክተር መጣች፤ ትናንት የተወለደች! ፕሮፌሰሩ «ልጄ፣ ልጄ» ሲሏት ጤነኛዋ አንጀቷ ያርራል። ልጅቷ የምታወራው ስለ አንድ ጂኖችን የሚያበራና የሚያጠፋ ፕሮቲን ነው። እሱ ሲያንስ ገቺ የሚባሉት ሴሎች ይዳከማሉ፤ ያኔ በሽታ የሚከላከሉት የሰውነት ዘበኞች የሚገታቸው አጥተው የገዛ ባለቤታቸውን ያጠቃሉ። ጤነኛዋ ይህን ስትሰማው የኖረች ናት፤ ዶክተሯ ስትለው ግን ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እንዴት አያንገበግብ?

ይባስ ብሎ ባለፈው ወር «እትዬ፣ ለጊዜው የኔን ደም እንጠቀም፤ እርስዎ ይረፉ» አለቻት። ይረፉ ይባላል? ጥቂት ቀርቷት ወንበሯንም ውሰጂው ልትላት ነበር።

ማክሰኞ ማንም ሳይገባ ቀድማ ገባች። የራሷን ደም ቀዳች፤ ጣቶቿ እንደ ሰሞኑ ጠዋት ሁሉ ደርቀው የብልቃጡን ክዳን እየታገለች ከፈተችው። ከትናንት የተቀመጠውን የዶክተሯን ደም ደፋችና «ጤነኛ» በሚለው ቦታ የራሷን አስቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። ፕሮፌሰሩ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት።

«ይሄ የጤነኛ ነው? ገቺዎቹ ሴሎች ከግማሽ በታች ናቸው እኮ። የማን ደም ነው?»

ዶክተሯ ውጤቱን አየች፣ ጤነኛዋንም አየቻት።

«የኔ ነው» አለች። «አበላሽቼው ይሆናል። ነገ እደግመዋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ሲወጡ ጤነኛዋ አላስቻላትም።

«ምን አስዋሸሽ? ያንቺን ደፍቼ የኔን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ። ባለፈው ወርም የእርስዎ እንዲሁ ነው የወጣው። በከንቱ እንዳላስደነግጥዎት፣ እስካረጋግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ጣትዎን ያምዎታል?»

ጤነኛዋ እጇን ልትነጥቃት አሰበች፤ አልነጠቀችም።

«ክዳን አልከፈት ካለኝ ስድስት ወር ሆኖኛል» አለች።