ከአማቴ ምሰሶ የወጡ እስክሪብቶዎች

የአማቴ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ምሰሶው ለእኔ ደረሰኝ። ቤቱ ከመርሳ ወጣ ብሎ ሐብሩ ገጠር ውስጥ የነበረ የጭቃ ቤት ነው። ልጆቻቸው ተመካክረው በብሎኬት ሊሠሩላቸው ሲነሱ አማቴ አልተቃወሙም። መሐል ላይ የቆመውን የወይራ ምሰሶ ግን ለማገዶ አላስነካም አሉ። ልጆቻቸው ሁሉ ቆሞ መሄድ የተማሩት እሱን ይዘው ነው። ስለዚህ እኔን አስጠሩኝና ከዚያ እንጨት ለእያንዳንዱ ልጅ ይዞት የሚዞር ነገር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ።

እኔ ወልድያ ውስጥ ቶርኖ አለኝ፤ እንጨት እያሽከረከርኩ የአልጋና የወንበር እግር አወጣለሁ። በዚያ ሰሞን ከእንጨት እስክሪብቶ የሚሠሩ ሰዎችን ስልኬ ላይ አይቼ ቀንቼ ነበርና፣ ውስጥ የሚገባውን የናስ ቱቦና ጫፉን ከአዲስ አበባ አስልኬ አስቀምጫለሁ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። እንጨቱ በቁመቱ ይበሳል፣ ቱቦው በኮላ ይጣበቅበታል፣ ከዚያ ቶርኖው ላይ እየዞረ በመሮ ይላጣል። ሰው የሚተኛበትን አልጋ እግር የሚያወጣ ባለሙያ ጣት የምታህል እንጨት ምን ልታደርገው? እስክሪብቶ አደርግላችኋለሁ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በቶሎ ይደርሳል ብዬም ጨመርኩ።

የመጀመሪያው ገና ሲበሳ ተሰነጠቀ። መሰርሰሪያው ጭስ እስኪያወጣ ድረስ ገፍቼው ነበር፤ እኔ ግን እንጨቱ አርጅቷል ብዬ ፈረድኩበት። ሁለተኛው በደህና ተበስቶ ቱቦ ገባለት፣ ቶርኖው ላይም ወጣ። መሮዬ ጫፉን ገና ነካ ሲያደርገው ተፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ተላተመ። ያን ሁሉ ዘመን ጣራ የተሸከመ ወይራ የእኔን መሮ መሸከም አቃተው።

ባለቤቴ ይህን ለእናቷ በስልክ ነገረቻቸው። አማቴ በማግስቱ ከመርሳ በሚኒባስ መጡ። ከሰላምታ በኋላ ምሳ አልፈልግም ብለው በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታዬ ገቡና፣ እኔው በሠራሁት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። አማችና አማት ነንና አንቱ ነው የምንባባለው። እያዩኝ ሦስተኛውንም ሰበርኩት። ስብርባሪውን ከመሬት ለቅመው ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"እንጨቱ ምን በድሎዎት ነው?"

ወይራ ሲደርቅ ግትር እንደሚሆን አስረዳኋቸው። በትሕትና ሰሙኝ። ቀጣዩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከመሐሉ ተፈረከሰ። በዚህ ጊዜ አንቱታው ቀረ።

"ልጄ፣ የተረፈውን ማንኪያ አድርገው" አሉኝ። "ማንኪያ ይሻልሃል።"

አማች ሆኜ ያገኘሁትን ማዕረግ በአንዲት ስብርባሪ አጣሁት። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ቶርኖውን አጠፋሁና ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበርኩትን አንስቼ አየሁ። ቱቦው ላይ ኮላ የያዘው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ሌላው ጎኑ ከሱቅ እንደመጣ ያብረቀርቃል። ቱቦውን ቀጥ አድርጌ ስገፋው ኮላው እየተጠረገ ወደ አፉ ተመልሶ ኖሯል። ሥሩ ባዶ የሆነው እንጨት ሲሳሳ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው፣ መሮ ሲነካው ይረግፋል። ኮላው በያዘበት ቦታም ቢሆን እስኪደርቅ የታገሥኩት ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ያህል ነበር።

ከተረፈው ምሰሶ ለሁሉም የሚበቃ ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። መሰርሰሪያውን እያወጣሁ ብናኙን አራግፌ፣ ሲግል እያሳረፍኩ በሳሁ። ቱቦውን ኮላ እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ ቀዳዳውንም ቱቦውንም ቀብቼ እያሽከረከርኩ አስገባሁት። መሮዬን ሳልኩ። ወዲያው ልላጠው ቶርኖውን ሳስነሣ መብራት ጠፋ።

ለቀናት አልመጣም። እኔ ስነጫነጭ አማቴ ከልጃቸው ጋር ገበያ ወጡ፣ ዘመድ ጠየቁ፣ ለመብራቱም ለእንጨቱም ዱዓ አደረጉ። መብራቱ ሲመጣ ኮላው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። እንጨቱን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ፣ በስሱ ላጥኩት። ወደ ልኩ ሲጠጋ መሮውን ትቼ በብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩ። አንዱም አልተሰበረም። አማቴ ዱዓዬ ነው አሉ። ባለቤቴ የመብራት መጥፋቱ ነው አለች። እኔ ስለ ኮላው ላስረዳ ብሞክር የሰማኝ የለም።

ለዒድ ልጆቹ ሁሉ አዲሱ ቤት ሲሰባሰቡ አማቴ እያንዳንዱን በስሙ ጠርተው አደሏቸው። ውርጌሳ የሚያስተምረው የመጀመሪያ ልጃቸው ዓይኑ እንባ አቀረረና፣ እንዳይሰበርብኝ ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ሐራ ከተማ የሚነግደው ልጃቸው ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ ነው የሚጽፈው፤ የእሱ መኪናው ውስጥ ለጌጥ ተቀመጠ። ባለቤቴ የራሷን መስታወት ያለው መደርደሪያ ውስጥ አኖረችው።

አንዷን አማቴ ለራሳቸው አስቀሩ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ፈርሙ ሲባሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ነው የሚያትሙት። እስክሪብቶዋን ግን ቀበሌ ስብሰባ ሲሄዱም፣ ልቅሶ ሲሄዱም አንገታቸው ላይ በክር አንጠልጥለው ይዘዋት ይሄዳሉ። መፈረሚያ ያጣ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ይዋሳል። ፈርሞ እስኪመልስ አጠገቡ ቆመው ምሰሶው ስንት ዓመት እንደቆመ ይነግሩታል፤ ሰውየውም ካልሰማ አይሄድም።

ከሁሉም ቀድሞ ቀለሙ ያለቀው የእሳቸው ነው። ደወሉልኝና "እስክሪብቶው ዝም አለ" አሉኝ። የሚገባበትን ቀለም ገዝቼ መርሳ ድረስ ሄድኩ፤ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።