ለጆሮ የተሰፋ መጋረጃ

ችግሩ አዳራሹ ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በእብነ በረድ የተለበጠ፣ ላየው ሰው ያማረ ነው። ውስጡ ገብቶ አንዲት ቃል የተናገረ ሰው ግን ቃሏ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመች ሦስት አራት ሆና ትመለስበታለች። ስብሰባ ሲኖር ሰዉ ተናጋሪው ስለ ውሃ ይሁን ስለ መንገድ ሳይለይለት አጨብጭቦ ይወጣል።

መጋረጃ ሰፊዋ ግን በዚህ አዳራሽ ቂም ይዛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው አንጋፋው ጊታር ተጫዋች ከዓመታት በፊት እዚሁ መጥቶ ነበር። እሷ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳትን ዝግ ያለች ዜማ ጀመረ፤ አዳራሹ እያንዳንዱን ድምፅ እየደገመ ሲመልስበት መሃል ላይ አቆመ። እጁን የጊታሩ አንገት ላይ አሳርፎ ጣሪያውን አየት አደረገና፣ ሁለት ሰው ሆኖ መጫወት እንደማይችል ተናግሮ ወጣ። ታላቅ እህቷ ልታጽናናት ዜማዋ በካሴት እንዳለች ብታስታውሳት፣ "ካሴት መቼ ያየኛል?" አለቻት።

እንግዲህ ሰውየው ዳግመኛ ሊመጣ ነው ተባለ። ጣቶቹ እየደከሙ ስለሆነ ይህ የመጨረሻ ዙሩ ነው ተብሎም ተወራ። አዳራሹ ደግሞ ያው ነው። ዘንድሮም አቋርጦ ከወጣ ያቺን ዜማ ከእጁ እስከ መጨረሻዋ የምትሰማበት ሌላ ቀን የለም።

መፍትሔው የመጣላት ከገዛ ሱቋ ነው። የጨርቅ ጥቅል እስከ ጣሪያ በተከመረበት ሰሞን የስፌት መኪናዋ ድምፅ ለስለስ ይላል፤ ጨርቁ ተሸጦ ግድግዳው ሲራቆት ያው መኪና ጆሮ ይበሳል። ይህን ልብ ብላ አሰበችበት። ድምፅ እንደ ኳስ ነው፤ ጠንካራ ነገር ሲመታ ይነጥራል፣ ለስላሳና ወፍራም ነገር ሲያገኝ እዚያው ይሰጥማል። እንዲህ ከሆነ አዳራሹ የጎደለው ጨርቅ ነው።

የአዳራሹ ኃላፊ ሲሰማት ሳቀ። "የመስኮት መጋረጃ አውቃለሁ፣ የበር መጋረጃ አውቃለሁ፤ የጆሮ መጋረጃ ግን ሰምቼ አላውቅም" አላት። ቢሆንም መጋዘን ውስጥ የተጣሉ አሮጌ የመድረክ መጋረጃዎች ነበሩና ቁልፉን ሰጣት። ነገሩ ካልተሳካ ደጅ ላይ ቆማ ለተመልካቹ የምታስረዳው ራሷ እንደሆነች ግን አልደበቃትም።

መጋረጃዎቹ ወፍራም ከፈይ ናቸው። አጥባ፣ ብል የበላውን ጥፋ፣ ጥቅጥቅ አድርጋ ሸነሸነቻቸው፤ ሽንሽን በበዛ ቁጥር ድምፁ የሚያልፍበት ጨርቅ ይበዛል። እንደ ድሮው በገመድ የሚሳቡ አድርጋ ስትሰቅላቸውም ግድግዳው ላይ አልለጠፈቻቸውም፤ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተወችላቸው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። በጨርቁ ሾልኮ ያለፈው ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ያንኑ ጨርቅ ዳግመኛ ያገኘዋል፤ ሲሄድ ያመለጠው ሲመለስ ይያዛል። አንድ ግድግዳ በጨረሰች ቁጥር መሃል ወለሉ ላይ ቆማ ታጨበጭባለች። በመጨረሻ ጭብጨባዋ መሬት ላይ እንደወደቀ ትራስ ዱብ ብላ ቀረች። ኃላፊው ራሱ መጥቶ አንዴ አጨበጨበ፤ ደግሞ አጨበጨበ።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል። ሰዉ ካፖርቱን ደራርቦ፣ አንገቱን ጠቅልሎ አዳራሹን ሞላው። አንጋፋው ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለ ድምፅ ማጉያ መጫወት ጀመረ፤ ልማዱ ነው።

ድምፁ ሞቷል። ከክሩ ይወጣና እግሩ ሥር ይወድቃል። ታላቅ እህቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ "አንቺ፣ ሰውየውን እኮ ብርድ ልብስ አከናነብሽው" አለቻት። የመጀመሪያው ዜማ ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጡት ማለቁን ስላላወቁ አላጨበጨቡም።

ስህተቷ ያኔ ገባት። የሞከረችው ባዶ አዳራሽ ነው። ሰው ደግሞ ራሱ ጨርቅ ነው፤ ካፖርቱም፣ ፀጉሩም፣ ገላውም ድምፅ ይጠጣል። እሷ ያሰበችው የሚሰማውን ጆሮ ብቻ ነበር፤ ጆሮው ይዞት የሚመጣውን ሰውነት ረስታው ነበር።

አንጋፋው እጁን የጊታሩ አንገት ላይ አሳርፎ ጣሪያውን አየት አደረገ። ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ሳታስበው ብድግ አለች።

"ጋሼ፣ እባክዎ አይሂዱ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጋረጃው በዝቷል።"

"የት እሄዳለሁ ልጄ? ገና አሁን መቀመጤ ነው" አላት፤ ሰዉ ሳቀ። "የሚቀነስ ነገር ከሆነ ቀንሺልኝ።"

በግራ በኩል ወዳለው ገመድ ሄዳ ሳበች። መጋረጃው እየተሰበሰበ እብነ በረዱ ብቅ ሲል አንጋፋው አንዲት ክር ነካ። ራሱን ነቀነቀ፤ ገና ይሰብሰብ ማለቱ ነው። ደግማ ሳበች፤ አሁንም ነካ። ከኋላ ወንበር አንዱ ልብስ ሊያሰጣ የመጣ ይመስል "ወይ ዝርጉት ወይ እጠፉት!" ብሎ ሲቀልድ፣ አንጋፋው ሳይቆጣ፣ "እሷ ስትጨርስ እንጀምራለን" አለ። ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ የኋላውን ግማሽ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ክሯን ነክቶ ቀና አለ። "በቃ። እዚያ ላይ ተይው።"

ያቺን ዝግ ያለች ዜማ ጀመረ። እሷ ገመዱን ከለቀቀች መጋረጃው ይመለሳል ብላ ፈርታ እንደ ቆመች ቀረች። ዱሮ ያቋረጠበት ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ያዘች፤ አልፎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣቶቹ ቀስ እያሉ፣ አንዳንዴም እየዘገዩ፣ እስከ መጨረሻዋ ክር ድረስ ተጫወተው። የመጨረሻዋ ድምፅ ኋላ ግድግዳ ድረስ ሄዳ፣ አንዴ ብቻ ለስለስ ብላ ተመለሰች። እፎይ አለች። ኃላፊውም ከበሩ ሥር ሆኖ እፎይ ሲል ተሰማ፤ ደጅ ቆሞ ከማስረዳት ያመለጠው እሱ ይመስል ነበር።

ስለዚያ ቀን ሲጠይቋት በዝርዝር የምትናገረው ሰውየው ሲወጣ የነገራትን ነው። ድምፁ ጭራሽ ካልተመለሰለት ብቻውን የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ትንሽ ሲመለስለት ግን ሰው እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ጨርሶ አታጥፊው አላት።

አሁን የያዘችው የአውቶብስ መናኸሪያውን ነው። የጥሪው ድምፅ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር እየተንከባለለ ስንቱን መንገደኛ የሱ ባልሆነ አውቶብስ ላይ አሳፍሮታል። እዚያ መጋረጃ አይሆንም፤ ጭስና አቧራ በሳምንት ያጠቁረዋል። ስለዚህ የሱቋን ቁርጥራጭ ጨርቅ በእንጨት ፍሬም ውስጥ እየጠቀጠቀች፣ ላዩን በስስ ጨርቅ ወጥራ ከጣሪያው ታንጠለጥላለች። የምትሞክረውም ጠዋት ተሳፋሪው ግጥም ሲል ነው። በሁለት ፍሬም የአውቶብሱ ቁጥር ጥርት ብሎ ተሰምቷታል፤ የሚሄድበት ከተማ ግን ገና አልተለየላትም። ሦስተኛውን መሰላል ላይ ሆና እየሰቀለች ነው።